ቅርፊቱን በአውራ ጣቴ የፈተንኩ ዕለት

በቀኝ አውራ ጣቴ ሥር ትንሽ ነጭ ነጥብ አለች። ላላወቀ ሰው የመርፌ ጠባሳ ትመስላለች። የምነግራችሁ የዚያችን ነጥብ ታሪክ ነው። ከመጀመሬ በፊት ግን ያኔ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ማወቅ አለባችሁ፤ አለዚያ የሆነው ነገር ተራ አደጋ ብቻ ይመስላችኋል።

የምኖረው ሆላንድ፣ ዴን ሃግ ከተማ፣ ሙርዋይክ ሰፈር ነው። በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ የጥገና ሠራተኛ ነኝ። ቧንቧ፣ ማሞቂያ፣ የበር ማጠፊያ፣ የተሽከርካሪ ወንበር ጎማ፣ ሁሉም በእጄ ያልፋል። ሥራውን ቁጭ አድርጎ ያስተማረኝ ሰው የለም። እዚህ አገር እንደመጣን አምስተርዳም ኒው ዌስት ነበር ቤት የተሰጠን። እዚያ ሰፈር ካለው ቤተ መጻሕፍት ሥዕል ያላቸውን መጻሕፍት እያገላበጥኩ፣ ማታ ቤት ስገባ የራሴን ቧንቧ እየፈታሁ ተማርኩ። ደች ቋንቋንም የተማርኩት እንዲሁ ነው። ዓሣ ማጥመድንም እንዲሁ። ከቤታችን አጠገብ በነበረው ሐይቅ ዳር ቆሜ ብራሰም የሚሉትን ንፍጣም የቦይ ዓሣ እየያዝኩ፣ መጽሐፍ ገልጬ እያስተያየሁ፣ መልሼ እለቀው ነበር።

ራሱን በራሱ ያስተማረ ሰው ሁለት ጠባይ ያወጣል። አንደኛው፣ በእጁ ያልነካውን አያምንም። ሁለተኛው፣ የነካውን ሁሉ ያወቀ ይመስለዋል። እኔ ሁለቱም ነበሩብኝ። አንድ ማሞቂያ ሲያንኳኳ ገና በሩ ላይ ቆሜ «ይሄ አየር ገብቶበት ነው» እላለሁ። ብዙ ጊዜ ትክክል ነኝ። ትክክል ያልሆንኩበትን ደግሞ ቶሎ እረሳዋለሁ።

አንድ ልጅ አለችኝ፤ ማህሌት ትባላለች። የተወለደችው እዚሁ ነው። እኔንም እናቷንም «አንተ፣ አንቺ» ነው የምትለን። በልጅነቷ ላርማት ሞክሬ ነበር፤ «እርስዎ» ስትለኝ ግን የመሥሪያ ቤት ሰው ያናገረኝ እየመሰለኝ ተውኩት። ባዮሎጂ ተማረች፤ ጨረሰች። እኔ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ትገባለች፣ ነጭ ጋዋን ትለብሳለች ብዬ ስጠብቅ፣ አንድ ምሽት እራት ላይ ኬንያ እሄዳለሁ አለችን።

«ለእረፍት ነው?» አለቻት እናቷ አስቴር።

«ኔ ማማ» አለች፤ አይ ማለቷ ነው። «ለሥራ። አንድ ዓመት ነው። እዚያ ጠረፍ ላይ ዓሣ አጥማጆች ጠዋት ጠዋት ጀልባ ያወጣሉ። የያዙትን ዓሣ ዘሩን እየለየን እንለካለን። እኔን የመደቡኝ ብሬም ላይ ነው። ብሬምና ዘመዶቹ ላይ።»

ብሬም ማለት የባሕሩ ነው፤ በደች ዘይብራሰም ይሉታል። እኔ አምስተርዳም እይዘው ከነበረው የቦይ ዓሣ ጋር ስም እንጂ ዝምድና የላቸውም። የባሕሩ ጎኑ ጠፍጣፋ፣ ጀርባው ከፍ ያለ፣ ብርማ ዓሣ ነው። በሞቃት ባሕር ዘሩ ይበዛል አለችን። አንዱ ክንፉ ቢጫ ነው፤ አንዱ በጎኑ የወርቅ መስመሮች አሉት፤ ሌላው ከስንጥቡ በላይ ጥቁር ነጥብ አለችው። ገና በሕይወት ሳለ ቀለሙ እንዲህ ነው፤ ሲሞት ደግሞ ሁሉም ግራጫ ይሆንና ለመለየት ያስቸግራል።

«ታዲያ አንቺ በምን ትለዪዋለሽ?» አልኳት። በዚያው ሰሞን ገበያ አብረን ወጥተን፣ በረዶ ላይ የተኛ ዓሣ ላይ ስልኳን ደግና ስልኩ ስሙን ሲነግራት አይቻለሁ። «በስልክ?»

«በስልክም፣ በመጽሐፍም፣ በዓይኔም።»

«ስልኩ ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም የምታውቂው። ለዚህ ለዚህ ስልኩን ለብቻው ይላኩት።»

አስቴር በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። ማህሌት ግን አልተቆጣችም። «አባዬ፣ እሺ ካልከኝ ነው የምሄደው። ሰኞ መልስ መስጠት አለብኝ። ሳትመርቀኝ አልሄድም» አለችኝ።

ይህን ቃል አስቡት። ትልቅ ሰው ናት፤ ሻንጣዋን ይዛ ብትወጣ በሕግም በጉልበትም የሚያስቀራት የለም። እኔን አባቷን ግን ትታ መሄድ አልፈለገችም። ሌላ አባት ቢሆን ያኔውኑ ልቡ ይራራ ነበር። እኔ ግን ፈተና አወጣሁላት።

«ቅዳሜ ባሕር እንሂድ» አልኳት። «በገዛ ዘንግሽ አንድ ዓሣ ያዢ። ስልክ ሳታወጪ፣ እዚያው በቆምሽበት ስሙን ንገሪኝ። ያኔ እመርቅሻለሁ።»

«ካልቻልኩስ?»

«ካልቻልሽማ እዚህ ያላወቅሽውን እዚያ ሄደሽ ምን ትሠሪያለሽ?»

ትንሽ አሰበችና «ኦኬ» አለች። በኋላ አስቴር ወጥ ቤት ውስጥ ይዛኝ «ወይ መርቃት፣ ወይ ዝም በል። ልጅ በዓሣ ይፈተናል?» አለችኝ። በልቤ ግን ትወድቃለች ብዬ ነበር። ትወድቅና እዚሁ ትቀራለች።

ለዳኝነት እንዲሆነኝ ጋሽ ተኽለን ጠራኋቸው። ጋሽ ተኽለ ኤርትራዊ ናቸው፤ ሮተርዳም ወደብ ሠርተው ጡረታ የወጡ። ያደጉት ምጽዋ ነው፤ አባታቸው በክር የሚያጠምዱ ሰው ነበሩ። አማርኛውን የተማሩት ልጅ ሆነው ትምህርት ቤት ነው፤ ዛሬም ከእኔ ይልቅ አጥርተው ይናገራሉ። ራሴን ያስተማርኩ ሰው መሆኔን ስለሚያውቁ «ፕሮፌሰር» እያሉ ይቀልዱብኛል። ስለ ሞቃት ባሕር ዓሣ ከሳቸው የተሻለ የሚያውቅ ሰው አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት እኔና ማህሌት በመኪና ሁክ ፋን ሆላንድ ደረስን። ጋሽ ተኽለ ሜትሮው እስከ ባሕሩ ዳር ስለሚያመጣቸው ቀድመውናል፤ ኮፍያቸውን ደፍተው፣ አንድ የፕላስቲክ ባልዲ ይዘው ቆመዋል። በጋው ገና አላለቀም ነበር። ወደ ባሕሩ የተዘረጋው ረጅሙ የድንጋይ ግድብ ከአሸዋው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ሰፈርን። በግራችን አሸዋ፣ በቀኛችን ድንጋይ፣ ከፊታችን ወደ ሮተርዳም የሚገቡ መርከቦች።

«ታደሰ፣ ዛሬ ፈታኙ አንተ ነህ ወይስ እኔ?» አሉኝ ጋሽ ተኽለ።

«እርስዎ ዳኛ ነዎት።»

«ዳኛ ምሳ ይበላል።»

«አንተ ዳኛ ከሆንክ እኔ አልፌአለሁ» አለች ማህሌት ለጋሽ ተኽለ።

«አንተ አትበያቸው» አልኳት።

«ተዋት» አሉ እየሳቁ። «አንተ ሲሉኝ ወጣት የሆንኩ ይመስለኛል። ነይ ጓለይ፣ ልጄ፣ ባልዲውን እዪ።»

ባልዲው ውስጥ ከድንጋዩ ሥር የለቀሟቸው ትንንሽ ሸርጣኖች ነበሩ። ልጄ ጎንበስ ብላ አየቻቸውና አንዱን በሁለት ጣቷ ከጀርባው ያዘችው። ጋሽ ተኽለ ያኔ የተናገሩትን በደንብ አስታውሳለሁ። ብሬም እንደ ሌላው ዓሣ አይውጥም አሉ። ይቀምሳል፣ ይሰብራል፣ ልጣጩን ይተፋል። ኋላ መንጋጋው ላይ እንደ ጠጠር የደነደነ ጥርስ ስላለው ቀጭን መንጠቆ ያጣምማል። ስለዚህ መንጠቆው ትንሽ ግን ወፍራም መሆን አለበት። ክሩ ሁለት ጊዜ ቢንቀጠቀጥ ዝም በል፤ እየቀመሰ ነው። ዘንጉ ጎንበስ ሲል ያኔ ሳብ።

«ምጽዋ በጠዋት ወደ ድንጋዩ ሥር ይመጣ ነበር» አሉ። «እኛ ሃፋራ ነው የምንለው። አሸዋውን በአፉ ይቆፍራል። አባቴ ውሃው ሲደፈርስ አይቶ ‹እዚያ ነው› ይለኝ ነበር።»

«ኧኽት? እውነት? ሲቆፍር አይተኸዋል?» አለች ማህሌት። የጋለ ፊት ነበራት፤ ከዚያ በኋላ የጠየቀቻቸው ጥያቄ ብዛት። የቱ ወር ነበር? ውሃው ምን ያህል ጥልቅ ነው? ትንንሾቹ ከትልልቆቹ ጋር ይመጣሉ ወይስ ለብቻ? እሳቸውም እንደዚያ የሚጠይቃቸው ሰው ለብዙ ዘመን ያጡ ይመስል በእጃቸው አየሩ ላይ ዓሣ እየሣሉ ይመልሳሉ። እኔ ዘንጌን እያዘጋጀሁ አዳምጥ ነበር። ልጄ የምታውቀውን ስትናገር እንጂ የማታውቀውን ስትጠይቅ ከዚያ በፊት ልብ ብዬ አላየኋትም።

የሷን ዘንግ በሸርጣን ወደ ድንጋዩ ወረወርን። የኔን በባሕር ትል ወደ አሸዋው ጣልኩ። ለረጅም ጊዜ ዘንጎቻችንን ምንም አልነካቸውም። አስቴር ያዘጋጀችውን ትልቅ የሻይ ፔርሙዝ መሐላችን አስቀመጥን። ገና አልከፈትነውም።

የቀደመው የኔ ዘንግ ነው። ጫፉ ትንሽ ነቀነቀ። ሳብኩት፤ ቀላል ነበር። አሸዋው ላይ የወጣው ከመሐል ጣቴ ብዙም የማይበልጥ፣ ቡናማ፣ አሸዋ የለበሰ ዓሣ ነው። ዓይኖቹ ወደ ላይ፣ ወደ ሰማይ ያያሉ።

«ግሮንደል» አልኩ ወዲያው። ግሮንደል በየወደቡ ድንጋይ ሥር ያለ፣ ማንንም የማይጎዳ ትንሽ ዓሣ ነው፤ ከመጽሐፍም አውቀዋለሁ፤ በእጄም ይዤ አውቃለሁ። ይህን አጋጣሚ ማህሌትን ለማስተማር ልጠቀምበት አሰብኩ።

ይኸውላችሁ፣ እኛ ቤት ከአባቴ የወረስኩት አንድ ልማድ አለ። በኦሪቱ ሥርዓት ክንፍና ቅርፊት የሌለውን ዓሣ አንበላም። ክንፉን ማንም ያየዋል። ቅርፊቱ ግን አንዳንዴ ደቃቅ ስለሚሆን አባቴ በአውራ ጣቱ ነበር የሚፈትነው። ከጅራት ወደ ራስ፣ ወደ ላይ፣ ተቃራኒውን ይዳስሰዋል። ቅርፊት ካለ እንደ ሞረድ ይይዛል፤ ከሌለ ያንሸራትታል። ቤታችን ዓሣ በገባ ቁጥር ይህ ሳይደረግ ቢላ አይነሳም። እኔም ያጠመድኩትን ሁሉ፣ የምበላውንም የማልበላውንም፣ እንደዚያ ሳልዳስስ ቀርቼ አላውቅም።

«ማህሌት፣ ነይ እዪ» አልኳት። «መጀመሪያ የሚጠየቀው ቅርፊት አለው ወይስ የለውም ነው። ዓይን ያታልላል። ስልክም ያታልላል። እጅ ነው የሚነግርሽ።»

እሷ ከዘንጓ ዘወር ብላ አየች። «አባዬ፣ ቆይ። አትንካው። ጀርባው ላይ ያለው ክንፍ ጥቁር ነው።»

«ግሮንደልም ጥቁር ነጥብ አለው።»

«ነጥብ አይደለም፣ ሙሉ ክንፉ ነው። አባዬ፣ ፓስ ኦፕ!»

ተጠንቀቅ ማለቷ ነው። ሰምቻለሁ። ልጅ አባቷን በሰው ፊት ስታዝዘው ግን ምን እንደሚሰማው አባት የሆነ ያውቀዋል። በግራ እጄ ጅራቱን ያዝኩ፤ የቀኝ አውራ ጣቴን ከጅራቱ ወደ ራሱ ሰደድኩ።

የወጋኝ ጊዜ መጀመሪያ መንጠቆው መስሎኝ ነበር። ቀጥሎ ግን የተወጋው ቦታ መቃጠል ጀመረ። እሳት ላይ የተጣደ ብረት አንዴ ያቃጥላችሁና እጃችሁን ታነሳላችሁ። ይህ እጄን ባነሳም ማቃጠሉን አልተወም። ዓሣውን ጣልኩት። ሕመሙ ወደ አንጓዬ፣ ከአንጓዬ ወደ ክርኔ ሲወጣ አንድ ሰው በክንዴ ውስጥ ቀስ ብሎ ደረጃ የሚወጣ ይመስል ነበር።

«ፒተርማን ነው» አለች ማህሌት። «አሸዋ ውስጥ የሚቀበር ነው። እሾሁ መርዝ አለው። ቁጭ በል። የት የት ነው የወጋህ?»

«ሙቅ ውሃ» አሉ ጋሽ ተኽለ። ቀልዱ ከፊታቸው ጠፍቷል። «ምጽዋም እሾሃም ዓሣ ለወጋው ሙቅ ውሃ ነው። ሙቅ ውሃ ከየት እናምጣ?»

ልጄ ፔርሙዙን አየች። ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ሳስታውስ ዛሬም ይገርመኛል። ሸርጣኖቹን አሸዋ ላይ ደፋች፤ ባልዲውን በባሕር ውሃ አለቀለቀች፤ የእናቷን ሻይ በሙሉ ገለበጠችበት። ቅርንፉድና ቀረፋ ያለበት፣ ስኳሩ የበዛ ሻይ ነው። እንፋሎቱ ሲወጣ እጄን ልክተት አልኩ፤ ያዘችኝ።

«የታመመው እጅ ሙቀቱን አያውቅም። ቆዳህ ይቀቀላል።» የራሷን እጅ ከተተች፤ ትንሽ የባሕር ውሃ ጨመረች፤ እንደገና ከተተች። «አሁን።»

እጄን ከተትኩ። ከሕመሙ ላይ ሌላ ሙቀት ተደረበ፤ ቆይቶ ግን የመጀመሪያው ትንሽ ሸሸት አለ። ስልኳን አውጥታ የሐኪም ድንገተኛ መስመር ደወለች።

እኔም በዚያ ሕመም መሐል «ስልክ አወጣሽ» አልኳት።

«ፈተናው እስካሁን አልተጀመረም» አለችኝ፤ ጆሮዋ ስልኩ ላይ ነው። ደረቴን ይከብደው እንደሆነ፣ ከንፈሬ ያበጠ እንደሆነ፣ ትንፋሽ ያጥረኝ እንደሆነ ሰዎቹ የሚሏትን እየተረጎመች ጠየቀችኝ። የለም አልኳት። ውሃውን ሙቅ አድርጋችሁ ያዙ፣ ከባሰ እንደገና ደውሉ አሏት።

ሻዩ ቀዘቀዘ። አሸዋው ላይ ካለው ምግብ ቤት ሙቅ ውሃ ለማምጣት እኔን ደግፋ፣ ባልዲውን ተሸክማ ይዛኝ ሄደች። ጋሽ ተኽለ ዘንጎቹ ጋ ቀሩ። መንገዱ ረጅም አልነበረም፤ ለኔ ግን ረዘመብኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ልሞት ነው ብዬ ፈርቻለሁ። በዚህ ዓሣ ሰው የሚሞተው ከስንት አንዴ መሆኑን ኋላ ነው የሰማሁት። ያኔ ግን ክንዴ እስከ ትከሻዬ ሲነድ ወደ ልቤ የሚሄድ መሰለኝ። የሚያሳፍረኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ ነው፤ ሳልመርቃት ብሞት በሕይወቷ ሙሉ እኔን ተሸክማ ትኖራለች። በእጄ ያለው አንድ ነገር ምርቃት ሆኖ ሳለ፣ እሱን በዓሣ ስም ቆልፌባት መጣሁ።

ምግብ ቤቱ ውስጥ የነበረችው ሴት ባልዲውንና ፊቴን አይታ ምንም ሳትጠይቅ «ፒተርማን?» አለችና ማንቆርቆሪያውን ጣደች። ባልዲው ውስጥ ስታይ ግን ግራ ገባት። «ይሄ ምንድነው የሚሸተው?» አለች። ማህሌት የቅመም ሻይ መሆኑን ነገረቻት። «እኛ አገር በቢራ ዓሣ ይጠበሳል፤ በሻይ ሰው ሲቀቀል ግን አላየሁም» አለች ሴትዮዋ፤ ሙቅ ውሃውን እየጨመረች። ሦስታችንም ሳቅን፤ እኔ ጥርሴን ነክሼ።

እዚያ ብዙ ቆየን። ውሃው በቀዘቀዘ ቁጥር ልጄ እጇን እየከተተች ትለካዋለች፣ ታስጨምራለች። ሕመሙ ቀስ በቀስ ከትከሻዬ ወደ ክርኔ፣ ከክርኔ ወደ እጄ ተመለሰ። ሲቀልለኝ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ምን እንደነበር ታውቃላችሁ?

«ቅርፊት ነበረው ወይ?»

ማህሌት ትክ ብላ አየችኝ። «አለው። በጣም ትንንሽ ናቸው፤ ሰያፍ ተደርድረው። ልትበላው ነው?»

«ለማወቅ ነው።»

«ለምንድን ነው ዓይኑ ወደ ላይ የሚያየው ብለህ ግን አልጠየቅክም» አለችኝ። ስድብ አልነበረበትም። «አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ስለሚጠብቅ ነው። ዓይኑ ብቻ ነው የሚቀረው። ዓይኑን አይቼ ነው የጠረጠርኩት።»

ዓይኑ ወደ ሰማይ እንደሚያይ እኔም አይቻለሁ። ከዚህ በፊትም ጽፌላችኋለሁ። አየሁት፤ ግን ስም ሰጥቼው ስለነበር ያየሁትን አልጠየቅኩትም።

ስልኳ ጮኸ። ጋሽ ተኽለ ናቸው፤ ድምፃቸው ለኔም ይሰማል። «ጓለይ፣ ዘንግሽ ጎንበስ አለ። አንቺ ካልሳብሽው እኔ አልነካውም፤ ዳኛ ነኝ።»

ሮጠች። እኔም ሙቅ ውሃ የተሞላ ባልዲዬን በግራ እጄ ታቅፌ፣ ቀኝ እጄ ውስጡ እንደተነከረ ተከተልኳት። ሰው ሁሉ ዘወር እያለ ያየን ነበር።

ስደርስ ዘንጉን ይዛለች። አልተጣደፈችም። ሲጎትት ትለቅለታለች፣ ሲቆም ትጠቀልላለች። ጋሽ ተኽለ ከንፈራቸውን ነክሰው እጃቸውን ኪሳቸው ከተዋል፤ መርዳት አምሯቸዋል። በመጨረሻ ከድንጋዩ ሥር አንድ ብርማ ነገር ጎኑን አዙሮ አበራ። ወደ ራሷ አስጠግታ፣ እርጥብ ጨርቅ በእጇ ጠቅልላ አነሳችው። ጎኑ ጠፍጣፋ፣ ጀርባው ከፍ ያለ፣ ከእጄ መዳፍ ትንሽ የሚበልጥ።

«ሃፋራ!» አሉ ጋሽ ተኽለ። «ኣንታ፣ ሃፋራ እዚህ ምን አመጣው?»

እኔም ስም ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት። «በይ» አልኳት። «ምንድነው?»

ማህሌት ዓሣውን ወደ ብርሃኑ አዘነበለችው። በዓይኖቹ መካከል ያለውን ግንባሩን አየች። ከስንጥቡ በላይ ያለውን ጥላ የመሰለ ጥቁረት አየች። አንድ መርከብ አለፈ። ፈተናው ይህ ነበር፤ በቆመችበት፣ ያለ ስልክ። አንድ ስም ብትጥል፣ ማንኛውንም ስም፣ እኔ የማረጋግጥበት መንገድ አልነበረኝም። ይህን እሷም ታውቃለች።

«አላውቅም» አለች።

ጋሽ ተኽለ ወደኔ ዞሩ።

«ሃፋራ የቀይ ባሕር ነው» አለቻቸው ቀስ ብላ። «ይመስለዋል፤ ልክ ነህ፤ እዚህ ግን አይደርስም። እዚህ ከሁለት አንዱ ነው። ግንባሩ ላይ የወርቅ መስመር ቢኖረው እርግጠኛ እሆን ነበር፤ ገና ትንሽ ስለሆነ ደብዛዛ ነው፤ ብርሃኑ ይሁን መስመር አልለየሁም። አፉን ካላየሁ አልናገርም።»

«በስምምነታችሁ መሠረት» አሉ ጋሽ ተኽለ እያዘኑ፣ «በቆመችበት አልነገረችህም። ወድቃለች።»

«አፉን ክፈቺው» አልኳት።

የመንጠቆ መንቀያውን በአፉ ጥግ አስገብታ ቀስ ብላ ከፈተችው። ሦስታችንም ጭንቅላታችንን አገጣጠምን። ከፊት እንደ ውሻ ክራንቻ የሾሉ ጥቂት ጥርሶች፤ ከኋላ ደግሞ እንደ ዶቃ የተደረደሩ ክብ ክብ ነጭ ጥርሶች። በሕይወቴ ብዙ ዓሣ በልቻለሁ፤ የአንዱንም አፍ ከፍቼ አይቼ አላውቅም። የሚገርም ነገር ነው። ያ ሁሉ የሸርጣን ልጣጭ የሚደቅበት ወፍጮ በአንዲት ጠባብ አፍ ውስጥ ተቀምጧል።

«ዶራዴ የሚሉት ብሬም ነው» አለች ማህሌት። «ሌላኛው ቢሆን የኋላ ጥርሶቹ ሹል ይሆኑ ነበር። አሁን እርግጠኛ ነኝ።» ከዚያ የልጅነት ፈገግታዋ መጣ። «አንድ ነገር ልንገርህ? ይህ ዓሣ መጀመሪያ ወንድ ሆኖ ነው የሚኖረው። ሲያድግ ሴት ይሆናል።»

ጋሽ ተኽለ አማተቡ። እኔ ዓሣውን አየሁ። «ታዲያ ይሄ አሁን ምንድን ነው?»

«አላውቅም» አለች እንደገና፣ ምንም ሳትሸማቀቅ። «በትንሽነቱ ወንድ ይመስለኛል። ለማወቅ መክፈት አለብኝ። መክፈት ደግሞ አልፈልግም።»

«ቅርፊቱን አትዳስሰውም፣ ፕሮፌሰር?» አሉ ጋሽ ተኽለ።

«እሷ ትዳስሰው» አልኩ።

በአውራ ጣቷ አንዴ ዳሰሰችውና ጎንበስ ብላ ውሃው ውስጥ ለቀቀችው። ጋሽ ተኽለ ዓሣው ከጠፋ በኋላም ብዙ ጊዜ ውሃውን ሲያዩ ቆዩ። «ዘመዱ ከሆነ፣ ዘመዱም ይበቃኛል» አሉ።

ልጄ እጇን ታጥባ ፊቴ መጥታ ቆመች። መውደቋን ተቀብላለች። እኔ ባልዲው ውስጥ ያበጠ እጄን አየሁ። ይህ እጅ ስም ለመስጠት ምን ያህል እንደሚፈጥን አሰብኩ። እሷ ግን አንድ ዓመት የሚያህል ነገር፣ የአባቷ ምርቃት የሚያህል ነገር ተይዞባት፣ የማታውቀውን አላውቅም አለች።

ምርቃት በግራ እጅ አይሆንም። ቀኝ እጄን ከባልዲው አውጥቼ፣ እየተንጠባጠበ፣ እራሷ ላይ ጫንኩት።

«እግዚአብሔር ይከተልሽ» አልኳት። «የያዝሽው ይቃናልሽ። ከክፉ ነገር ይሰውርሽ። ሄደሽ በሰላም ተመለሺ።» ሌላ አባት እዚህ ያቆማል። እኔ ግን አንድ ጨመርኩ። «አላውቅም የምትዪበትን ድፍረት አይውሰድብሽ።»

«አሜን» አለች። ጋሽ ተኽለም «አሜን» አሉ። ልጄ ቀና ስትል ዓይኖቿ እርጥብ ነበሩ፤ አፍንጫዋን ሳብ አደረገችና «አባዬ፣ ጸጉሬ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል» አለችኝ።

ይህን ለምን እንደጻፍኩላችሁ ልናገር። አባት የሆናችሁ ሁሉ፣ በተለይ እንደኔ በባዕድ አገር ሁሉን ነገር በራሳችሁ ጥረት የተማራችሁ፣ አንድ ነገር ልብ በሉ። አውቃለሁ ማለት ለኛ ጋሻ ነበር። አላውቅም ያለ ስደተኛ ይናቃል፣ ይታለላል፣ ወረፋውን ይቀማል ብለን ነው የኖርነው፤ ብዙ ጊዜም እውነት ነበር። ልጆቻችንን ግን ያ ጋሻ አያስፈልጋቸውም። እነሱ አላውቅም ሲሉ አልተማሩም ብለን አንፍረድባቸው። መማር የጀመሩት እዚያ ላይ ይሆናል። አትንካ ሲሏችሁም፣ ቢያንስ እጃችሁን ለአንድ ትንፋሽ ያህል አቁሙ። እኔ ያን ያህል ብቆም ይህች ነጥብ አትኖርም ነበር። ባትኖር ግን ይህን አላውቅም ነበር፤ ስለዚህ አላዝንባትም።

ማህሌት አሁን ኬንያ ነች። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የዓሣ ፎቶ ትልክልኛለች፤ ስሙን ሳትጽፍ። አስቴር ምሳ እያቀረበች እኔ መነጽሬን አድርጌ የጎኑን መስመር እቆጥራለሁ፣ ከስንጥቡ በላይ ነጥብ እፈልጋለሁ፣ ክንፉ ቢጫ ይሁን የፀሐይ ብርሃን እጠራጠራለሁ። ጋሽ ተኽለም እዚያው ሮተርዳም ሆነው ያው ፎቶ ይደርሳቸዋል፤ ወዲያው ስም ሰጥተው ይደውሉልኛል።

እኔ ግን ባለፈው እሑድም የላክሁላት መልስ አንድ ዓይነት ነበር፦ «አላውቅም፤ አፉን አሳዪኝ።»